ለአያት ጉሮሮ የሚሆን ዘፈን

ከልጅ ልጅ ጋር ለመጫወት ቋንቋ ያስፈልጋል። እኔና የልጄ ልጅ የምንጋራው ቋንቋ ግን ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሄዶ ነበር። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ተወልዳ ያደገችው ቶኪዮ ነው። አራት ዓመት ሳይሞላት በስልክ «እማማ፣ ምን በላሽ?» ትለኝ የነበረች ልጅ፣ ትምህርት ቤት ከገባች ወዲህ አማርኛውን ትሰማዋለች እንጂ አትመልስበትም። እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ እሷ በጃፓንኛ ትመልሳለች፣ ልጄ መሃል ገብታ ታስተረጉማለች። በአስተርጓሚ የሚወራ የአያትና የልጅ ልጅ ወግ ምን እንደሚመስል የቀመሳችሁት ታውቁታላችሁ። «ደህና ነሽ? ትምህርት እንዴት ነው?» ከዚያ አያልፍም።

ባለፈው ዓመት ልጄ ሁለተኛ ልጇን ስትገላገል አራሷን ልጠብቅ፣ ገንፎዋን ላገነፋ ሄድኩና ሦስት ወር ተቀመጥኩ። የሚኖሩት በቶኪዮ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ካትሱሺካ በሚባል ወረዳ ነው። ጃፓን ያሉ ኢትዮጵያውያን በብዛት የተሰባሰቡበት ሰፈር ስለሆነ ቡናውንም፣ ወሬውንም፣ ሰላምታውንም አላጣሁም። ያጣሁት የልጅቷን አፍ ነው። እሱን የከፈተልኝ ደግሞ ካራኦኬ ነው። ስለዚህ ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ጃፓን ካራኦኬ ነው፤ በተለይም «አይዶል» ከሚባሉት ዘፋኞች ዘፈኖች ውስጥ ለጀማሪ ጉሮሮ የሚቀልለውን እንዴት እንደሚመርጡት። ርዕሱ ለአያት አይመጥንም ያላችሁ ካላችሁ ጥቂት ታገሡኝ።

እኛ አገር ካራኦኬ ሲባል ብዙ ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው መጠጥ ቤት፣ ጨለማና የማያውቁት ሰው ፊት መቆም ነው። ጃፓን ውስጥ የቤተሰብ መዝናኛም ነው። «ካራኦኬ ቦክስ» የሚባለው ቤት በትናንሽ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። ክፍሉን በግማሽ ሰዓት ሒሳብ ትከራያላችሁ፤ በሩን ዘግታችሁ የምትዘፍኑት ለራሳችሁ ሰዎች ብቻ ነው። በሥራ ቀን፣ በቀን ብርሃን ከሄዳችሁ ዋጋው ይቀንሳል፤ በዚያ ሰዓት ጡረተኞችና ሕፃን የያዙ እናቶች ታያላችሁ። ክፍሉ ውስጥ ሶፋ፣ ቴሌቪዥን፣ ሁለት ማይክ፣ አንዳንዴም ከበሮ መሰል ትንሽ ጽናጽል አለ። ሰዓታችሁ ሊያልቅ ሲል ግድግዳው ላይ ያለው ስልክ ይጮኻል።

የዚህ ነገር አመጣጥ ራሱ ደስ የሚል ታሪክ አለው። «ካራ» ማለት ባዶ ነው፤ «ኦኬ» ደግሞ ኦርኬስትራ የሚለው ቃል አጭር መጠሪያ ነው፤ ዘፋኝ የሌለው ባንድ እንደማለት። ዳይሱኬ ኢኖዌ የሚባል ሰው ኮቤ ከተማ ውስጥ በየመጠጥ ቤቱ ለሚዘፍኑ ደንበኞች ሙዚቃ እየተጫወተ ያጅብ ነበር። አንድ የኩባንያ ኃላፊ ለጉዞ ሲሄድ አብሮት እንዲሄድ ጠየቀው። ኢኖዌ መሄድ ስላልቻለ ሙዚቃውን ለሰውዬው ድምፅ በሚስማማ መልኩ በቴፕ ቀድቶ ሰጠው። ከዚያ በ1971 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) 11 ማሽኖች ሠርቶ ማከራየት ጀመረ። የፈጠራ ባለቤትነት ስላላስመዘገበ ሀብቱ ለሌሎች ሆነ። እኔ ከዚህ ታሪክ የያዝኩት አንድ ነገር ነው፤ ካራኦኬ ከጥንስሱ ሙዚቃው ለሰው እንዲመች ተደርጎ የተሠራ እንጂ ሰው ለሙዚቃው እንዲጨነቅ የተሠራ አይደለም።

አሁን ወደ አይዶሎቹ ልምጣ። ቃሉ ከእንግሊዝኛ የተወሰደ ሆኖ «ጣዖት» ማለት ነው፤ ስሙ ግን አያስደንግጣችሁ። አይዶል ማለት ገና በለጋ ዕድሜያቸው የሚጀምሩ፣ እየዘፈኑ እየደነሱ በሕዝብ ፊት የሚያድጉ ወጣቶች ናቸው። አድናቂዎቻቸው የሚወዷቸው በድምፃቸው ብቃት ብቻ አይደለም፤ ሲሞክሩ፣ ሲሻሻሉ፣ ሲያድጉ ስላዩአቸው ነው። በ1970ዎቹ «ካንዲዝ» የሚባሉ ሦስት ልጃገረዶችና ሞሞኤ ያማጉቺ ነበሩ፤ በ1980 ሴይኮ ማትሱዳ መጣች፤ ኋላም «ስማፕ» የሚባሉት ወንዶች ተነሡ፤ በ2005 ደግሞ በቶኪዮው አኪሃባራ ሰፈር የራሱ ትንሽ ቴአትር ያለው «ኤኬቢ 48» የሚባል በርካታ ልጆችን የያዘ ቡድን ተመሠረተ።

ታዲያ የእነዚህ ዘፈኖች ለእኛ ዓይነቱ ሰው መቅለል ከዚሁ ይመጣል። ብዙዎቹ የተደረሱት ለተራ ልጅ ድምፅ ነው። ቡድኑ ውስጥ ብዙ ልጅ ሲኖር ደግሞ አዝማቹን ሁሉም በአንድ ድምፅ ነው የሚሉት፤ እንደ ትምህርት ቤት መዝሙር። የአንድ ሰው ልዩ ችሎታ ላይ የቆመ ዘፈን ያንን ችሎታ ይጠይቃችኋል። ለአርባ ልጅ የተደረሰ ዘፈን ግን አርባ አንደኛ ሰው ቢጨመርበት አይናጋም።

ይህ ማለት ሁሉም ይቀልላል ማለት አይደለም። የልጄ ልጅ መጀመሪያ የመረጠችልኝ በ2023 የወጣውን፣ «ዮአሶቢ» የሚባሉትን ዘፋኞች «አይዶል» የተሰኘ ዘፈን ነው። ስሙ አይዶል ይሁን እንጂ ስለ አይዶል ሕይወት የሚናገር የካርቱን ፊልም መክፈቻ ነው። ቃላቱ እንደ በቆሎ ይፈነዳሉ፣ ዜማው መሃል መንገድ ላይ መነሻውን ይቀያይራል፣ ላይኛው ድምፅ ደግሞ ጣራ ይነካል። አንዴ ሰማሁትና «ይሄ የአንቺ ነው፣ እኔ አጨበጭባለሁ» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ለእኔ የሚሆነውን አብረን መፈለግ ጀመርን፤ ምርጫውም ራሱ የሁለታችን ጨዋታ ሆነ። በሦስት ወር ውስጥ አምስት መመዘኛ አወጣን።

የመጀመሪያው ስፋት ነው። ዘፈኑን ከመምረጣችሁ በፊት በለሆሳስ አንጎራጉሩትና ዝቅተኛውና ከፍተኛው ድምፅ ምን ያህል እንደሚራራቁ ስሙ። ሁለቱም በተለመደው የመናገሪያ ድምፃችሁ አካባቢ ካሉ ጥሩ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የዘፈኑን መግቢያ ብቻ ሰምቶ በመምረጡ ነው፤ መግቢያው ብዙውን ጊዜ ዝቅ ያለ ነው። መሰማት ያለበት አዝማቹ ነው። የሚገርማችሁ ጃፓኖች አዝማቹን «ሳቢ» ነው የሚሉት። የእኛን «ሳቢ» ብላችሁ ብትሰሙትም ትርጉሙ አይጠፋባችሁም፤ ዘፈኑን የሚስበው እሱ ነውና። ሳቢው ከሳባችሁ ዝፈኑ፤ ከጎተታችሁ ተዉት።

ሁለተኛው ቁመት ነው። የሴት አይዶሎች ዘፈን የልጃገረድ ድምፅ ስለሆነ ለእኛ ዕድሜ ይረዝማል። ግን የካራኦኬው መምረጫ ሰሌዳ ላይ የዜማውን ከፍታ በግማሽ በግማሽ ድምፅ ዝቅና ከፍ የሚያደርግ ቁልፍ አለ። ጩኸቱን አይቀንስም፤ ዜማውን እንዳለ አውርዶ ለእናንተ ጉሮሮ ያመቻቸዋል። ለእኔ ሦስት ደረጃ ዝቅ ማለት በቂ ነው። አያቶች ወንዶች ከዚያም በላይ ሊያወርዱት ይችላሉ። ያንን ቁልፍ መንካት ነውር የሚመስለው ካለ፣ የቴፑን ታሪክ ያስታውስ፤ ማሽኑ የተፈጠረው ለዚሁ ነው።

ሦስተኛው የቃል ብዛት ነው። አንድ ስንኝ ሲያልፍ ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ አለው ወይ? ቃላቱ ቴሌቪዥኑ ላይ ይጻፋሉ፣ ሰዓታቸው ሲደርስም ቀለማቸው ይለወጣል፤ ቀለሙ የሚሮጥ ከሆነ ዘፈኑ ለእኛ አይደለም። በዚህ በኩል የስማፕ «ሴካይ ኒ ሂቶትሱ ዳኬ ኖ ሃና» መልካም ነው፤ «በዓለም ላይ አንድ ብቻ የሆነ አበባ» ማለት ነው። ኖሪዩኪ ማኪሃራ የደረሰው፣ በ2003 በነጠላ የወጣና እጅግ የተሸጠ ዘፈን ነው። አካሄዱ የእግር መንገድ ነው፤ ልጆችም ትምህርት ቤት ስለሚዘፍኑት ሦስቱም ትውልድ ያውቀዋል።

አራተኛው ድግግሞሽ ነው። ሳቢው ሦስትና አራት ጊዜ ከተመለሰ፣ መጀመሪያ ላይ ያመለጣችሁን መጨረሻ ላይ ትይዙታላችሁ። የኤኬቢ 48 «ኮይ ሱሩ ፎርቹን ኩኪ» በዚህ አንደኛ ነው። በ2013 ሲወጣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞችና የየአውራጃው ሰዎች ሳይቀሩ እየደነሱ ቪዲዮ ይቀርጹበት ነበር። ፍጥነቱ መካከለኛ ነው፤ ውዝዋዜውም እጅን እንደ ሊጥ ማሽከርከር ነው፤ ተቀምጦም ይቻላል። እኔ አራሷ አጠገብ ሕፃኑን ታቅፌ በአንድ እጄ ተለማምጄዋለሁ።

አምስተኛው ማን ያውቀዋል የሚለው ነው። ካራኦኬ ውስጥ ብቻውን የሚዘፈን ዘፈን ለዘፋኙ ነው፤ ሌላው ሰው የሚያውቀው ዘፈን ግን ይረዳችኋል። ቃሉ ሲጠፋባችሁ ከጎናችሁ ያለው ይቀጥለዋል። ስለዚህ ከመምረጣችሁ በፊት ክፍሉ ውስጥ ማን እንዳለ ተመልከቱ። የልጄ ባል እናት ወጣትነቷ በ1970ዎቹ ስለነበረ የካንዲዝን «ሃሩ ኢቺባን» ስትሰማ ተነሥታ ትቆማለች። «የመጀመሪያው የፀደይ ነፋስ» ማለት ነው፤ በ1976 የወጣ ነው። ለእኔ ትንሽ ይፈጥናል፤ እሷ ስትዘፍነው ግን ጽናጽሉን እመታለሁ።

ስለ እሷ ካነሣሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጃፓኖች አንድ ሰው አሳምሮ የሚችለውን ዘፈን «ጁሃቺባን» ይሉታል፤ «አሥራ ስምንተኛ ቁጥር» ማለት ነው። ካቡኪ ከሚባለው የጥንት ቴአትራቸው፣ አንድ የተዋንያን ቤተሰብ መርጦ ከያዛቸው 18 ድራማዎች የመጣ አነጋገር ነው። የእሷ ጁሃቺባን ሞሞኤ ያማጉቺ በ1977 የዘፈነችው «ኮስሞስ» ነው። ያማጉቺ ድምፅዋ ወፍራምና ዝግ ያለ ነው፤ በ21 ዓመቷ ትዳር ልትይዝ መድረኩን ትታ ሄዳ አልተመለሰችም። ዘፈኑን የደረሰው ማሳሺ ሳዳ ነው። ዝግ ያለ፣ ዝቅ ያለ፣ ለአዋቂ ሴት ጉሮሮ የሚስማማ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እኔ፣ እሷና የልጅ ልጃችን ብቻ ሄድን፤ ልጄ ሕፃኑን ይዛ ቤት ቀርታለች። አስተርጓሚ የለንም ማለት ነው። ኮስሞስን ዘፈነችው። ቃሉ አልገባኝም፤ ዜማው ግን ሆዴን አባባው። ሲያልቅ ልጅቷን «ምን ይላል?» አልኳት፣ መልስ ባልጠብቅም። ልጅቷ ጣሪያውን አየች፣ ጣቷን አፏ ላይ አደረገች፣ ከዚያ በአማርኛ «ነገ ሰርግ። ልጅ ትሄዳለች። እናት… ታለቅሳለች» አለችኝ።

በዓመታት ውስጥ ከእሷ የሰማሁት ረጅሙ አማርኛ ነበር። ልጄ ስትዳር ሰርጉ ቶኪዮ ሆኖ እኔ አዲስ አበባ፣ ስልክ ላይ ነበርኩ። ያንን የምታውቀው የባሏ እናት ማይኩን አስቀምጣ እጄን ያዘች። ሁለታችንም አንዲት ቃል አልተነጋገርንም፤ ልጅቷ ግን ሁለታችንንም እያየች ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ምን ይላል?» የሚለው ጥያቄ የእሷ ሥራ ሆነ። አስተርጓሚዋ ልጄ መሆኗ ቀርቶ ራሷ ሆነች፤ አማርኛዋን የምትፈልገው እኔ ስለመከርኳት ሳይሆን ሥራ ስለያዘች ነው።

ሌላም ያልጠበቅሁት ነገር መጣ። የጃፓንን ፊደል ማንበብ ስለማልችል ቃላቱን እሷ እያለችልኝ በእኛ ፊደል ደብተር ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ቴሌቪዥኑ ላይ ከከባዱ የቻይና ፊደል በላይ በትንሹ የሚጻፍ «ሂራጋና» የሚባል ቀላል ፊደል አላቸው። እሱ እንደ እኛው ነው፤ አንዱ ምልክት ተነባቢውንም አናባቢውንም ይዞ ይቆማል። ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ ይላሉ። ከሰባቱ የእኛ ድምፆች ግዕዙና ሳድሱ ሲቀሩ አምስቱ አሉ፤ እንደ ሳድስ የምትቆም አንዲት «ን» ብቻ አለቻቸው፤ እሷም በዘፈን ውስጥ የራሷን ምት ትወስዳለች። ስለዚህ አማርኛ አንባቢ የጃፓን ዘፈን በፊደሉ ቢጽፍ፣ በላቲን ከሚጽፈው ሰው ይልቅ ይቀርበዋል።

መጥበቅና መላላትም አላቸው። እኛ «ገና» ሲጠብቅ በዓል፣ ሲላላ «ገና አልመጣም» እንደምንለው፣ እነሱም «ኪቴ» ሲላላ «ነይ»፣ ሲጠብቅ ቴምብር ነው። በሚጠብቀው ላይ ሁለት ነጥብ አደርግበታለሁ። ድምፅ ማስረዘምም አለ፤ «ኦባሳን» አክስት ናት፣ «ኦባአሳን» ብላችሁ ስታስረዝሙት አያት ትሆናለች። ልጅቷ ባሳጠርኩት ቁጥር «እማማ አክስት ሆነች!» እያለች ትስቃለች።

ደብተሩን ስታየው «ይሄ ምንድነው? ይሄስ?» ማለት ጀመረች። የካ ረድፍ የት እንዳለ፣ ለምን ሰባት እንደሆነ፣ የእነሱ ለምን አምስት እንደሆነ ጠየቀች። ልጄ ለሁለት ዓመት የሰቀለችላትን የፊደል ገበታ ቀና ብላ ያላየች ልጅ፣ የምትወደው ዘፈን በዚያ ፊደል ተጽፎ ስታየው የራሷ ሆነ። ከመመለሴ በፊት የኮይ ሱሩ ፎርቹን ኩኪን ሳቢ በእኛ ፊደል ጽፋ ሰጠችኝ። «ኩ» እና «ኪ» ተገላብጠውባታል፤ አላረምኩትም፤ አነበብኩላት፣ ሳቀችና ራሷ አስተካከለችው።

ማሽኑ ውጤትም ይሰጣል፤ ከመቶ። የእኔ ትልቁ 71 ነው። የልጅቷ 88 ነው። ውጤቱ የሚለካው ዜማና ምት መጠበቃችሁን ነው፤ ዘፈኑን ማን ጋር እንደዘፈናችሁት አይለካም። ስለዚህ ቢያስደስታችሁ ክፈቱት፤ ቢያሸማቅቃችሁ ልጆቹን አጥፉት በሏቸው።

የልጅ ልጆቻችሁ ጃፓን ላይኖሩ ይችላሉ፤ ዋሽንግተን ወይም እዚሁ ሲኤምሲ ሊሆኑ ይችላሉ። ልጆች የጃፓን ካርቱንና ዘፈን የሚያውቁት ግን ጃፓን ያሉት ብቻ አይደሉም። «ምን እየሰማሽ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከሚሰሙት ውስጥ ጠባቡን፣ ዝግ ያለውን፣ የሚደጋገመውን ምረጡ፤ ከፍ ካለ ዝቅ አድርጉት። ልጁ አስተማሪ ይሁን፤ እናንተ ተማሪ ሁኑ። ልጅ ከሚያስተምረው ሰው ጋር ማውራት አይሰለቸውም።

እኔ ከተመለስኩ ሰባት ወር ሆነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ እንደዋወላለን፤ አዲስ ዘፈን ስትልክልኝ በአምስቱ መመዘኛ እመዝነውና «ይሄ ይሮጣል» ወይም «ይሄ ይሆነኛል» እላታለሁ። በቀደም ግን ጥያቄው ተገለበጠ። «እማማ፣ ቀላል የአማርኛ ዘፈን አለ?» አለችኝ። አሰብኩበት። ስፋቱ ጠባብ፣ አካሄዱ ዝግ ያለ፣ ቃሉ ጥቂት፣ አንዱ ቃል ደጋግሞ የሚመለስ፣ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቀው መሆን አለበት። «እሹሩሩ» አልኳት። አምስቱንም ያሟላል። አሁን ወንድሟን እሷ ናት የምታስተኛው።